የወይን ሜኑ ሲሰጣችሁ እንዳትደነግጡ

የወላጆቼ 40ኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ነበር። ስድስት ሆነን ራት ወጣን። ቤቱ ቦሌ አካባቢ ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈበት፣ ሹካና ቢላው በየዓይነቱ የተደረደረበት፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ዓይነት። ምግቡን ሁሉም እንደየፍላጎቱ አዘዘ። ከዚያ አስተናጋጁ በቆዳ የተለበጠ ወፍራም ሜኑ ይዞ መጣ፣ ሁላችንንም አንድ ዙር አየንና እኔ ፊት አስቀመጠው። ለምን እኔን እንደመረጠ እስካሁን አልገባኝም። ኮት የለበስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይሆናል።

ገለጥኩት። አራት ገጽ ሙሉ ወይን! ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ ጣልያንኛ። በቅጡ ማንበብ የቻልኩት የቀኙን ዳር ብቻ ነው፣ ዋጋውን። ርካሹን ማዘዝ አሳፈረኝ፣ ውዱን ኪሴ አይችለውም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ መሃል አካባቢ ጣቴን አሳረፍኩና ስሙን ላለመጥራት "ይሄን" አልኩ። "በጣም ጥሩ ምርጫ ነው ጌታዬ" አለኝ። ለሁሉም እንደሚል ያወቅኩት በኋላ ነው።

ወይኑ መጣ፣ ተከፈተ፣ ተቀዳ። እማዬ አንዴ ተጎነጨችና ፊቷን ጭምድድ አድርጋ "ይሄ ነገር ጣውላ ጣውላ አይልም?" አለች። አባዬ ደግሞ ላለማስቀየም ግማሽ ብርጭቆ ጠጣና ቀስ ብሎ ቢራ አዘዘ። ቢሉ ሲመጣ ወይኑ ለብቻው የሦስት ሰው ምግብ ያህል ሆኖ አገኘሁት።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ለዓመታት በትልልቅ ሆቴሎች አስተናጋጅ ሆኖ የሠራ። ታሪኩን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ። "አንተ የከፈልከው የይሉኝታህን ነው" አለኝ። ከዚያ ቡና እየጠጣን ሜኑው እንዴት እንደሚዘጋጅ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ትንሽ ትንሽ እያነበብኩ፣ ትንሽ ትንሽ እየቀመስኩ ገባኝ። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። የወይን ሊቅ አይደለሁም፣ ገንዘቡን በከንቱ መበተን የማይወድ ሰው ነኝ።

ከዋጋው እንጀምር። ምግብ ቤቶች ወይን ከገዙበት ዋጋ በሁለትና በሦስት እጥፍ መሸጣቸው የተለመደ ነው። ይሄ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም፣ ለንደንም ኒውዮርክም ያው ነው። ሁሉም ሌብነት ነው ማለትም አይደለም። ብርጭቆ ይሰበራል፣ ማቀዝቀዣ መብራት ይበላል፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ ወራት የሚቀመጥ ጠርሙስ ማለት የታሰረ ገንዘብ ነው። ደግሞ ብዙ ቤት ከምግቡ የሚያገኘው ትርፍ ቀጭን ስለሆነ የሚካካሰው በመጠጡ ነው። ስለዚህ "ሱቅ እኮ በዚህ ዋጋ አገኘዋለሁ" ብሎ መናደድ ራትን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። ጥቅም ያለው ጭማሪው በየትኛው ጠርሙስ ላይ እንደሚከብድ፣ በየትኛው ላይ እንደሚቀል ማወቁ ነው።

አንዳንድ ቤት ሁሉንም ወይን በአንድ ቁጥር ያባዛል። ሌላው ቤት ግን ርካሹን በትልቅ ቁጥር፣ ውዱን በትንሽ ቁጥር ነው የሚያባዛው። ለምሳሌ እንበል፣ በ1,000 ብር የተገዛው ጠርሙስ በ3,000 ይሸጣል፣ በ3,000 የተገዛው ደግሞ በ6,000። ከመጀመሪያው ላይ ቤቱ 2,000 አተረፈ፣ ከሁለተኛው 3,000። እናንተ ግን በመጀመሪያው ከከፈላችሁት ሲሶው ብቻ ነው ወይን የሆነው፣ በሁለተኛው ግማሹ። በዚህ ስሌት ከርካሹ ትንሽ ከፍ ማለት ያዋጣል ማለት ነው። ኪስ ከፈቀደ።

ታዲያ ምን ያህል ከፍ? እዚህ ላይ "ሁለተኛውን ርካሽ በፍጹም እንዳታዝዙ" የሚል ወሬ አለ። ምክንያቱም ሰው ርካሹን ማዘዝ ስለሚያፍር ሁለተኛው ላይ ያርፋል፣ ምግብ ቤቱም ይህንን አውቆ እዚያ ላይ ይቆልላል ይባላል። ወሬው አሳማኝ ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ነበር። ግን ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች የ249 የለንደን ምግብ ቤቶችን የወይን ሜኑ ሰብስበው ሲያሰሉት እንዲያ ሆኖ አላገኙትም። ሁለተኛው ርካሽ ላይ ያለው ጭማሪ ከእሱ ቀጥለው ካሉት አራት ወይኖች ያነሰ ነበር። በመቶኛ ሲሰላ ከፍተኛው ጭማሪ የተገኘው የት ነው? መሃል ላይ! ያቺ እኔ ጣቴን ያሳረፍኩባት ቦታ። ለንደን አዲስ አበባ አይደለችም፣ ገባኝ። ቢሆንም "መሃሉን ያዘዘ አይሳሳትም" የሚለው ሒሳባችን መሠረት የሌለው መሆኑን ለማየት ይበቃል።

በብርጭቆ ማዘዝስ? አንድ መደበኛ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ብርጭቆ 150 ሚሊ ሊትር ከተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ጓደኛዬ እንደሚለው በሥራው ዓለም ያለው ልማድ የመጀመሪያው ብርጭቆ ዋጋ የጠርሙሱን መግዣ እንዲመልስ ነው፤ የቀሩት አራቱ ለቤቱ። ስለዚህ ሁለት ሰው ሆናችሁ ሁለት ሁለት ብርጭቆ የምትጠጡ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጠርሙሱ ይሻላል። የብርጭቆውን ዋጋ በአራት አባዙና ከጠርሙሱ ጋር አስተያዩት፣ ስልክ ማውጣት እንኳ አያስፈልግም። አንድ ብርጭቆ ብቻ ከፈለጋችሁ ግን "ጠርሙሱ መቼ ነው የተከፈተው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለውም። ከትናንት ወዲያ ተከፍቶ ባር ላይ የቆመ ወይን ሞቷል፤ ለእሱ ሙሉ ዋጋ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም።

ሌላ ሰው የሚረሳው ነገር፣ ከዋጋው ጎን የምትቀመጠው የመደመር ምልክት። በተለይ ሆቴል ውስጥ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ፣ ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ገና አልተጨመረም ማለት ነው። ሰርቪሱ 10 በመቶ ቢሆን፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 3,000 ብር ያላችሁት ወይን 3,795 ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ቲፕ። በጀት ስትይዙ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች አስቡት፤ ሁሉንም ጨምሮ 4,000 ማውጣት የምችለው ከሆነ ሜኑው ላይ የማየው ዋጋ 3,000 አካባቢ መሆን አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ወይኑ ራሱ።

ከውጭ የሚመጣ ጠርሙስ ረጅም መንገድ ነው የሚመጣው። መስታወቱ ብቻ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። መርከብ አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ ከጅቡቲ እዚህ የሚመጣው መኪና አለ፣ ቀረጥ አለ፣ የውጭ ምንዛሪው ጣጣ አለ። የማጓጓዣው ወጪ ደግሞ ውስጥ ያለው ወይን መናኛ ሆነ ምርጥ ብሎ አይለይም። ስለዚህ በጣም ርካሽ የሆነ የውጭ ወይን ስታዝዙ አብዛኛው ገንዘባችሁ የሄደው ለመስታወትና ለመንገድ ነው፣ ለወይኑ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ርካሽ ወይን መጠጣት ከሆነ ሐሳባችሁ የአገር ውስጡን እዘዙ። ይሄን የምለው ለአገር ምርት ላዳላ ብዬ ሳይሆን ሒሳቡ እንደዚያ ስለሚል ነው።

ደግሞም የአገር ውስጡ እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ትውልድ ወይን ሲባል የሚያውቀው ጉደርንና አክሱማይትን ነበር። አክሱማይት ጣፋጭ ነው፣ እማዬ ወይን ማለት እሱ ይመስላታል። ጉደርን ኮካ ቀላቅሎ የሚጠጣም ሞልቷል፣ እኔ አልፈርድም፣ ድሮ ራሴም አድርጌዋለሁ። ከዚያ የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምንላት ከተማ አጠገብ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ከቦርዶ ያመጣውን የወይን ተክል ተከለ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ሐዋሳ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረለት። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ ላይ ዋሉ። ሪፍት ቫሊ የሚለው ስም ያለበት ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ከሚባሉ የወይን ፍሬ ዓይነቶች የሚሠራው ነው፤ አኬሺያ ደግሞ ዋጋው ቀለል ያለው ነው፣ ግማሽ ጣፋጭም አለው። የሪፍት ቫሊውን ሲራ ስሙን ሸፍናችሁ ለእንግዳ ብትቀዱለት የውጭ ነው የሚላችሁ አይጠፋም። እኔ ቤት ሁለት ሰው ተሸውዷል።

ሜኑው ላይ ያሉት የውጭ ወይኖችስ እንዴት ይነበባሉ? ስሙ ዓለም ያወቀው ከሆነ ለስሙም እንደምትከፍሉ ቁጠሩት። ሻምፓኝ፣ ባሮሎ፣ ናፓ፣ ሳንሴር የሚሉትን የቦታ ስሞች ስታዩ ገንዘባችሁ ግማሹ ለዝናው ነው። ዝናው በከንቱ የመጣ አይደለም፣ ግን በእኛ ዓይነት በጀት ዝነኛ ቦታ ላይ ያለውን መናኛ ከመግዛት ያልታወቀ ቦታ ላይ ያለውን ጎበዝ መግዛት ይሻላል። ሰፈር እንደመከራየት ነው፤ ቦሌ ላይ ለአንድ ክፍል በሚጠየቀው ዋጋ ትንሽ ወጣ ስትሉ ሳሎን ያለው ቤት ታገኛላችሁ።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አረፋ ያለው ወይን ነው። እኛ አገር ቡሹ "ጧ!" ብሎ የሚፈነዳ ሁሉ ሻምፓኝ ይባላል፣ ሰርግ ላይ የሚረጨው ሳይቀር። በትክክል ሻምፓኝ ግን ፈረንሳይ ውስጥ ሻምፓኝ ከሚባለው አካባቢ የመጣው ብቻ ነው። አረፋው የሚፈጠረው ወይኑ ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲብላላ ነው። በትክክል በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ ሌሎች አሉ፤ የስፔኑ ካቫ፣ ከሌሎች የፈረንሳይ አካባቢዎች የሚመጣው ክሬሞን፣ የደቡብ አፍሪካው ካፕ ክላሲክ። ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሻምፓኙ በጣም ያነሰ ነው። የጣልያኑ ፕሮሴኮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው መብላላት የሚካሄደው ትልቅ ጋን ውስጥ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል። ለ"ጤናችን" ብቻ ብርጭቆ ለምታጋጩበት፣ ፕሮሴኮ ይበቃችኋል ባይ ነኝ።

ሌላ የሚያሳስት ቃል አለ፣ "ሪዘርቭ" የሚል። ስፔን ውስጥ ሪዮሃ ከሚባለው አካባቢ የመጣ ቀይ ወይን ላይ "ሬዘርቫ" የሚል ካያችሁ ትርጉም አለው፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት የእንጨት በርሜል ውስጥ ያሳለፈ መሆኑን ሕጉ ያዛል። አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉን ማንም መጻፍ ይችላል፣ ጌጥ ነው። በዚያ ሰሞን እማዬ "ጣውላ ጣውላ ይላል" ያለችው በርሜሉን ነበር፣ ምስኪን። አፍንጫዋ ትክክል ነበር። በርሜል የቆየ ወይን ለለመደው ሰው ግሩም ነው፣ ለማያውቀው ግን ዕቃ ቤት የመግባት ያህል ነው።

በዋጋው ብዙ ጊዜ ከሚያስደስቱኝ አንዱ የደቡብ አፍሪካ ሼኒን ብላንክ ነው። ነጭ ነው። ከዓለም ሁሉ በላይ ሼኒን የምታመርተው ደቡብ አፍሪካ ናት፣ ከፈረንሳይም ጭምር፤ ብዛት ስላለ ዋጋው አይጋነንም። ሼኒን ካጣሁ የፖርቱጋል ቀይ፣ የደቡብ ፈረንሳይ ላንግዶክ፣ የአርጀንቲና ማልቤክ። እነዚህን ሜኑ ላይ ሳይ ዓይኔ ቶሎ ይቆማል። ደግሞ ሜኑው ውስጥ ብቻውን የቆመ፣ ከሌሎቹ ጋር ዘመድ የማይመስል ወይን ካያችሁ ጠይቁ። ሃያ የታወቁ ስሞች መሃል አንድ ማንም የማያውቀው ነገር የገባው አብዛኛውን ጊዜ ሜኑውን ያዘጋጀው ሰው ስለወደደው ነው። በስሙ አይሸጥማ!

ምግቡ ጋ ስንመጣ፣ "ቀይ ለሥጋ፣ ነጭ ለዓሣ" ብሎ የሚያቆም ሰው ዶሮ ወጥ በልቶ አያውቅም።

ቀይ ወይን ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሻይ ቅጠሉ ብዙ የቆየበት ወፍራም ሻይ ያለ ስኳር ጠጡ፤ ያ ድድ የሚይዘው፣ ምላስ የሚያደርቀው ነገር ታኒን ነው። ስቴክ ወይም ቅባት ያለው ጥብስ ሲሆን ታኒን ይወደዳል፣ ሥጋው ያለዝበዋል፣ እሱም የሥጋውን ቅባት ከአፍ ያጥባል። በርበሬ ሲሆን ግን ጠላት ነው። አፍ እየነደደ የሚይዝ ነገር ሲጨመርበት አስቡት። አልኮሉም ያው ነው፤ 14 በመቶ ተኩል የሆነ ወይን የሚጥሚጣን እሳት ያራግባል። ስለዚህ ለወጥ፣ ለቅቅል ሳይሆን ለቀይ ወጥ ማለቴ ነው፣ ወይም ሚጥሚጣ በዛ ላለ ክትፎ፣ አልኮሉ 12 በመቶ አካባቢ የሆነ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ይሻላል። ጠጃችን ለምን ከወጥ ጋር እንደሚስማማ አሁን ገባችሁ? ማር ነው፣ ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርደዋል። አባቶቻችን ሜኑ ሳይሰጣቸው ያውቁት ነበር።

ቲማቲም ለበዛበት ፓስታ፣ አዲስ አበባ ላይ የጣልያን ምግብ ቤት ስለሞላ ይሄ ይጠቅማችኋል፣ ኮምጠጥ የሚል ቀይ ያስፈልጋል፣ ቲማቲሙ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ለስላሳ ወይን አጠገቡ ውሃ ይሆናል። የጣልያኑ ቀይ ወይን ኪያንቲ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ለዓሣ ምራቅ የሚያመጣ ነጭ፣ ሎሚ እንደመጭመቅ። ስድስት ሰው ስድስት ዓይነት ምግብ ካዘዘ ደግሞ አትጨነቁ፤ አንድ ኮምጠጥ ያለ ነጭና አንድ በጣም የማይከብድ ቀይ፣ አለቀ።

ይሄን ሁሉ ባታስታውሱም ችግር የለም፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አስተናጋጁ ነው። የምናፍረው ዋጋ መጥራት ነው፣ በተለይ የሚጋበዝ ሰው አጠገብ። ጓደኛዬ ያስተማረኝ ዘዴ ይሄ ነው። ሜኑውን ለአስተናጋጁ አዘንብላችሁ ታሳዩታላችሁ፣ ጣታችሁን የምትፈልጉት ዋጋ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ስሙ ላይ ሳይሆን ዋጋው ላይ፣ ከዚያ "እንደዚህ ዓይነት ነገር ፈልገን ነበር፣ ጥብስና ዓሣ ነው ያዘዝነው፣ ምን ትመክረናለህ?" ትላላችሁ። እሱ ይገባዋል። ሥራው ነው። አጠገባችሁ ያለው ሰው የሰማው ስለ ጥብስና ስለ ዓሣ ብቻ ነው። ጎበዝ አስተናጋጅ ያሳያችሁትን ዋጋ አያልፍም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ዝቅ ያለ ይጠቁማል። በሦስት እጥፍ ወዳለው ከወሰዳችሁ ደግሞ "አይ፣ ወደዚህ ጠጋ ያለ" ብሎ ጣትን መመለስ ነው።

"ራስህ ምን ትወዳለህ?" ማለትም ጥሩ ነው፣ ፊቱን እያያችሁ። ቀምሶት የማያውቅ አስተናጋጅ "ሁሉም ጥሩ ነው" ይላል። የቀመሰ ሰው ድምፁ ይለወጣል።

ጠርሙሱ ሲመጣ ያለው ሥነ ሥርዓት ለብዙ ሰው ቲያትር ይመስለዋል። እያንዳንዱ ነገር ግን ምክንያት አለው። መጀመሪያ ጠርሙሱን የሚያሳያችሁ ያዘዛችሁት እሱ መሆኑን እንድታዩ ነው፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም እዩ። "ወይን እያደር ይጣፍጣል" የሚባለው ለጥቂቶቹ ነው እውነት የሆነው። አብዛኛው ወይን፣ በተለይ ቀለል ያለ ነጭ፣ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ሰባት ዓመት የሞላው ርካሽ ነጭ ካመጡላችሁ አዲስ ካለ ጠይቁ። ባሩ ላይ አምፖል ሥር ከቡና ማሽኑ ጎን የተደረደሩትን ጠርሙሶች አይታችሁ ከሆነም "ከውስጥ ካለው አምጣልን" ብትሉ አልበዛም። ሙቀትና ብርሃን ወይን ይገድላል። ጠርሙሱ እናንተ ፊት መከፈት አለበት፣ ይሄ ድርድር የለውም።

ከዚያ ጥቂት ይቀዳላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ወደድኩት ወይስ አልወደድኩትም" ብሎ ይጨነቃል። ጥያቄው እሱ አይደለም፣ ወይኑ ተበላሽቷል ወይ ነው። አሽትቱ። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ የገባው ምድር ቤት ከሸተታችሁ ቡሹ አበላሽቶታል። ኮምጣጤ ከሸተተ ታውቁታላችሁ። እነዚህ ሲሆኑ "ይሄ ትክክል አይመስለኝም፣ እስኪ አሽትተው" ብላችሁ ብርጭቆውን ስጡት፣ ደህና ቤት ሳይከራከር ይቀይራል። ከታች ስኳር የመሰለ ቅንጣት ካያችሁ ግን አትደንግጡ፣ ከወይኑ ራሱ የሚወጣ ነው፣ አይጎዳም። በጥምዝ ክዳን የሚዘጋውን ጠርሙስ የምትንቁም ካላችሁ ተዉት፤ ያ የካርቶን ሽታ የሚመጣው በአብዛኛው ከቡሽ ነው፣ ጥምዙ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ቀዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ነጩ ከ8 እስከ 12 ሲሆን ይጥማል። አዲስ አበባ ላይ ለቀዩ ብዙ አያስቸግርም፣ ብርዳችን ይበቃል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ ግን ለቀዩም በረዶ ያለበት ባልዲ አስመጡና አሥር ደቂቃ ይግባ። ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

የራስን ወይን ይዞ መሄድም አለ። የሚፈቅዱ ቤቶች ኮርኬጅ ብለው የመክፈቻ ያስከፍላሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ኮርኬጁ ከሜኑው ርካሽ ጠርሙስ ጋር ከተቀራረበ ልፋት ነው፣ ግማሹ ከሆነ ያዋጣል። ከአየር ማረፊያ የመጣ ደህና ወይን ቤታችሁ ተቀምጦ ከሆነ ማውጫው እንደዚህ ያለ ቀን ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህንን አስቡ፣ እዚያ ቲፑ ከጠቅላላው ቢል ላይ ስለሚሰላ የወይኑ ዋጋ ቲፑንም ይዞት ይወጣል።

ባለፈው ዓመት እህቴ ቀለበት ባሰረች ማግስት እንደገና ራት ወጣን። ሌላ ቤት ነው፣ ያኛው ደጅ አልደርስም። ሜኑው መጣ፣ እንደተለመደው እኔ ፊት። በዚህኛው ቀን ኮት አልለበስኩም፣ እና ምክንያቱ ኮቱ እንዳልነበረ ገባኝ። ሜኑውን አዘንብዬ ጣቴን ዋጋው ላይ አሳረፍኩ። አስተናጋጇ ልጅ እግር ናት፤ አየችኝ፣ ፈገግ አለችና "ለዓሣው ሼኒን አለን፣ ለጥብሱ ግን ለምን የዝዋዩን ሲራ አትሞክሩም?" አለችኝ። ካሳየኋት ዋጋ ሁለቱም በታች ነበሩ። "እናታችን ጣፋጭ ነው የሚወዱት?" ብላ ደግሞ እማዬን ጠየቀቻት፣ ማንም ሳይነግራት። ለእማዬ ግማሽ ጣፋጭ አኬሺያ በብርጭቆ መጣላት፣ የዚያኑ ዕለት የተከፈተ። አባዬ ሲራውን ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ ቢራ ትዝም አላለው።

ስንነሳ የሲራው ጠርሙስ ሩቡ ቀርቶ ነበር። እኔ ትቼው ልሄድ ስል እማዬ "ተከፍሎበት የለ እንዴ!" ብላ ቡሹን መልሳ ጠቀጠቀችበትና ነጠላዋ ሥር አስገባችው። በማግስቱ ጠዋት ደወለችልኝ። "ያ ወይንህ" አለችኝ፣ "አዋዜ በጠበጥኩበት፣ ምሳ ናና ቅመሰው።"